ማሽኑ ክልክል ብሏል

ሰኞ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1980

ኮምፒውተራችን ዛሬ ፈጠነ። የእኔ ሥራ ነው... እዚህ ብመካ ማን ያየኛል? የጭነት መኪና የኬላ ማለፊያ ቁጥር ሲገባለት ከታገዱት መሆን አለመሆኑን በንድፍ ይፈትሻል፦ በ«ድ» ጀምሮ፣ መሃሉ የፈለገው ይሁን፣ በ7 የሚያልቅ። ንድፉን በየቁጥሩ እንደ አዲስ ሲፈታ ያንቀላፋ ነበር። አሁን አንዴ ፈትቶ «ክልክል» በሚል ስም ዲስክ ላይ ያኖረውና በስሙ እያነሳ ይጠቀምበታል። መብራት ቢጠፋም አይረሳም።

ቁጥር የሚያስገባው ሲያድ ሳምቡሳ ይዞልኝ መጣ። «አባዮ፣ ማሽንሽ ዛሬ ጫት ቃመ እንዴ?» አባዮ እህቴ ማለቱ ነው፣ በሶማሊኛ። ሳቅን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5

አዲስ ትእዛዝ። በ7 የሚያልቁት ይለፉ፣ በ4 የሚያልቁት ይታገዱ። ንድፉን ቀየርኩ፣ ስሙን ግን አልነካሁም። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7

የመልካ ጀብዱዋ ነጋዴ ሃሊሞ ቢሮውን በጩኸት ሞላችው። «አቦ ቲማቲሜ ኬላ ላይ በሰበሰ፣ ወላሂ! ምን አድርጌያችሁ ነው?» ማለፊያዋን አየሁት። በ7 ያልቃል! ማለፍ ነበረበት።

ሲያድ «ማሽኑ ክልክል ብሏል» አለና አንገቱን ደፋ። ለምን ይደፋል? ትናንት ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ከአንድ ሹፌር ጋር ሲንሾካሾክ አይቼዋለሁ። ስደርስ ዝም አሉ። ቁጥሩን ሆን ብሎ እያሳሳተ ቢሆንስ? ስንት ከፍለውት ይሆን?... ሳምቡሳውስ ለምንድነው?

ሰኞ፣ ነሐሴ 9

ለአለቃችን ለጓድ ተሻለች ነገርኳት። «በዓይኔ አላየሁም፣ ጠርጥሬ ነው» አልኳት። «መጠርጠርሽ ይበቃል» አለች። ደብተሯን ከፍታ ስሙን ጻፈች። 

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 10

ጠዋት ሁለት የደህንነት ሰዎች መጥተው ሲያድን ወሰዱት። ቀና ብሎ አየኝ። 

ቁጥሮቹን ራሴ አስገባሁ። የሃሊሞንም። ክልክል። ደገምኩት... ክልክል። በገዛ እጄ!

ረቡዕ፣ ነሐሴ 11

አገኘሁት። ማሽኑ «ክልክል» የሚለውን ስም ሲያይ ዲስክ ላይ ያለውን ያነሳል። ተቀይሯል ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ እንዲጠይቅ አላደረግኩትማ። የቀድሞውን ሳልሰርዝ አዲስ ጻፍኩ። ስሰርዘው የሃሊሞ ቁጥር ወዲያው አለፈ።

ሲያድ ወደታሰረበት ሄድኩ። ሚስቱ ዐስሊ ምሳውን በሳህን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። አላስገቧትም። ስለ ድልድዩ ሹፌር ጠየቅኳት። «የሃሊሞ ሹፌር እኮ ነው። ሲያድ ማሽኑ ተሳስቷል መሰለኝ ይል ነበር። ለሰርካዲስ ሰው ፊት ከነገርኳት ታፍራለች፣ ለብቻዋ እነግራታለሁ አለኝ።»

ምነው መሬት በዋጠችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጓድ ተሻለች «አስቢበት፣ አንቺም ትጠየቂያለሽ» አለችኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 23

ሲያድ ተፈታ። ከስቷል፣ ግራ እጁን አያነሳም። ለእኔ የደረሰኝ የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣት ብቻ ነው።

እግሩ ላይ ልወድቅ ተነሳሁ፣ ሸሸት አለ። ምነው በሰደበኝ! ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። የዛሬዎቹን ቁጥሮች በቀኝ እጁ አስገባ፣ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ።

«ጓድ ሰርካዲስ» አለኝ፣ «ይፈርሙልኝ። እርስዎ ያረጋገጡት መሆኑ ይታወቅልኝ።»