የአሻንጉሊት ልብስ ሱቁ የሳዲያ ነው

ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ አቃቂ፣ ከቀድሞው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ባለው መኖሪያ ቤቴ።

እኔ ፍቅርተማርያም ሀብተሚካኤል ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም ይህንን አልሸሸገኝም። አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው፤ ማን ምን እንዳለኝ፣ እኔም ለማን ምን እንደ መለስሁ አልዘነጋሁም። ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በአራት ጎረቤቶቼ ፊት፣ ልጆቼ ሩትና ሰይፈሥላሴ እንዲሁም የሥራ ጓደኛዬ ሳዲያ ሸኪብ ባሉበት የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ከምስክሮቹ አንዱ አቶ ዘአማኑኤል ይጽፋሉ።

አንደኛ። የምኖርበት ቤት ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። ሩት ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ እየተመላለሰች ስላስታመመችኝ የወርቅ ጉትቻዬ ተጨማሪ ይሁናት። ሰይፈሥላሴ አይከፋው፤ ጆሮው አልተበሳም።

ሁለተኛ። ከማረሚያ ቤቱ መግቢያ ወረድ ብሎ ያለው የቆርቆሮ ሱቅ፣ ከነስፌት መኪናው፣ ከነመቀሱ፣ ከነቁርጥራጭ ጨርቁና ከነወረቀቱ ለሳዲያ ይሁን።

ምክንያቱን ልናገር። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ መፍታት አልቻለም። ከትርፍራፊ ጨርቅ ለአሻንጉሊት የሚሆን ቀሚስ፣ ጥለት ያለው ነጠላ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቦርሳ መስፋት ጀመርሁ። ሳዲያ ከወሎ የመጣች ናት፤ ባሏ ሹፌር ነው። እሱ መንገድ ላይ ሲሰነብት እሷ እየመጣች ከጎኔ ተቀምጣ የወረቀት አበባ፣ ዘውድና ማራገቢያ ትሠራለች። አባቶቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ ሕፃናት ወረፋው እስኪደርሳቸው ከእኛ ዘንድ ይቆያሉ። እንዲህ ሆነን አሥራ አራት ዓመት ሠራን።

ባለፈው ክረምት ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ ሰይፈሥላሴ ሱቁን ለሞባይል ጠጋኝ አከራየ። የእኛን ሥራ በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ዝናብ ላይ አወጣው። ሳዲያ ደርሳ ከረጢቶቹን በባጃጅ ጭና ወደ ቤቷ ወሰደች። የራሰውን ቀሚስ አንድ በአንድ አጥባ አደረቀች፤ ወረቀቱ ግን አልተረፈም። ድኜ ስመለስ ልጄን ጠየቅሁት።

«እማዬ፣ የምትነሺ አልመሰለኝም» አለኝ።

«ሳዲያስ?»

«እሷማ ረዳትሽ ናት። ሌላ ሥራ ታገኛለች።»

ተከራዩን አስወጥተን በኅዳር ሱቁን መልሰን ከፈትን። ይህንን ስናገር ሰይፈሥላሴ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል። ቂም አልያዝሁበትም፤ ከውርስም አልነቀልሁትም። የሱቁን ነገር ግን ከእንግዲህ እንዳያነሣ።

ሦስተኛ። ለሳዲያ ምክር የለኝም፤ ሥራውን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። አንድ ነገር ብቻ፦ በወረቀት አበባው ግንድ ውስጥ ሽቦ አይግባ። ሽቦ ያለበት አበባ ማረሚያ ቤቱ ፍተሻ ላይ ይቀራል፤ ይዛው የመጣችውም ልጅ ባዶ እጇን ወደ አባቷ ትገባለች።

አራተኛ። ቀብሬ በደብሬ ይሁን። የቀረውን ዕድሩ ያውቅበታል። ድንኳኑ ከሁለት ቀን በላይ አይቁም።

አምስተኛ። ይህኛው ንብረት አይደለም፤ ሳልናገረው ብሞት ግን ኑዛዜዬ ጎዶሎ ይሆናል። ከስምንት ዓመት በፊት የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህር ወደ ሱቃችን መጥታ የተሰቀሉትን የወረቀት አበቦች ስታይ ቆየች።

«ይህንን የሠራው ማን ነው? ልጆችን የእጅ ሥራ የሚያስተምር ሰው እንፈልጋለን» አለች። ሥራው ቋሚ ነበር። ሳዲያ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኋት። «ነገር ግን አርጅቻለሁ፤ አልችልም።»

ሴትዮዋ አመስግና ሄደች። ይህንን ያደረግሁት ሳዲያ ብትሄድ ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ወሬውን ወደ ጨርቅና ወደ ሙጫ አዞርሁት። ዛሬ በምስክሮች ፊት ነገርኋት። ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ሱቁ የዚህ ካሣ ተደርጎ አይቆጠር፤ ይቅርታው ለብቻው ነው።

ሳዲያ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ጄሪካኑን ይዤ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ሰምቻለሁ» አለች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ እስኪነግሩኝ ነዋ።»

አቶ ዘአማኑኤል ብዕራቸውን አንሥተው ተመለከቱኝ። ይህም ይጻፍ አልኋቸው።

ከላይ ያለው በተናዛዥዋ ቃል ተጽፎ፣ እሳቸውና አራቱ ምስክሮች እየሰሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ተነብቧል። ተናዛዥዋም «ቃሌ ነው፤ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም» ብለው ፈርመዋል።

ተናዛዥ፦ ፍቅርተማርያም ሀብተሚካኤል (ፊርማ)

ምስክሮች፦
አቶ ሁንዴ ቢራ (ፊርማ)
ወ/ሮ ናዕማ ሙሀመድዘይን (ፊርማ)
ወ/ሮ አስቴር አሻግሬ (የጣት አሻራ)
አቶ ዘአማኑኤል ወልደሰንበት፣ ጸሐፊም ምስክርም (ፊርማ)