ምራቄን የዋጥኩ ዕለት

ሰኞ፣ ጥር 5
ማህተሜን ሰጡኝ! ቁጥር 417። የራሴ! አራት ዓመት ሙሉ ብርቱካን ላይ ወረቀት ስለጥፍ የኖርኩ ሴት፣ ከዛሬ ጀምሮ የመንኩራኩር ሆድ ላይ ጡብ ለጥፌ ማህተሜን እመታለሁ። መንኩራኩራችን ፔሊካን አንዴ ጠፈር ሄዳ ተመልሳለች፤ ከእሳት የሚከላከላትን ጡብ፣ ስትመለስ እሳቱ ግማሹን በልቶታል። እየነቀልን እንተካለን፣ ከዚያ እንደገና ትሄዳለች። ወይ ጉድ!

አለቃችን ትሩዲ ማህተሙን ስትሰጠኝ፣ "ሮዊና፣ ምራቋን የዋጠች ልጅ ስለሆንሽ ነው" አለች። ምራቋን የዋጠች! እኔ! ሽንት ቤት ገብቼ ብቻዬን ዘለልኩ።

እማማ እስከ ማታ ለመላው ቤተክርስቲያን አውርታ ጨርሳለች። "ልጄ ሮኬት ሠራች" ብላ። ኧረ እማማ... ጡብ ነው የምለጥፈው።

ሐሙስ፣ ጥር 8
በአራት ቀን አንድ ጡብ። አንድ! እንደ አረፋ ቀላል ናት፣ በጥፍር ሲነኳት ትፈርሳለች። ሙጫው ደግሞ አይደርቅም... ተጭኖ አሥራ ስድስት ሰዓት መጠበቅ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20
ኦዴል ሚስጥሩን ነገረኝ። አጠገቤ የሚሠራው ሽማግሌ፣ ሁላችንም አጎቴ የምንለው፣ ድሮ ጀልባ ጠጋኝ የነበረው። የተቀቀለ ኦቾሎኒውን እየፈለፈለ ግራ ቀኝ አየና፣ "ምራቅ" አለኝ።
"ምን?"
"ሙጫው ውስጥ እንትፍ በይበት። ወዲያው ድንጋይ ይሆናል።"
"ሂድ ወዲያ አጎቴ!"
"አንቺ ልጅ፣ እኔ ሙጫ ላይ ስተፋ አንቺ አልተወለድሽም።"
ተፋሁበት። እውነትም! ከምሳ በፊት ደረቀ። ማህተሜን ጧ! ዛሬ ብቻ ሁለት ጡብ። ስስቅ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 28
አሥራ አንድ ጡብ ደረስኩ። ትሩዲ፣ "ምን በልተሽ ነው?" አለች። ቁርሴን ነገርኳት።

ዓርብ፣ የካቲት 6
አብራሪው ሊያየን መጣ። ሃርላን ይባላል፤ ጆሮው ትልልቅ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚርገፈገፍ። ከፔሊካን ሆድ ሥር አብሮኝ ተንጋለለ። "ያንቺ የትኛዋ ናት?" አለኝ። በኩራት አሳየሁት። በጣቱ ለካ ለካና ሳቀ። "ይቺማ እግሬ ሥር ናት! ደኅና አድርገሽ አጣብቀሻታል አይደል?"
"አዎ" አልኩ።
ከሄደ በኋላ የተጣለ ብረት ስፈልግ ዋልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 9
ሳያዩኝ የተጣለ ብረት ላይ ሁለት የጡብ ቁራጭ ለጥፌ ነበር፤ አንዱን በምራቅ፣ አንዱን ያለ ምራቅ። ዛሬ ጎተትኳቸው። ያለ ምራቁ ንቅንቅ አላለም። የምራቁ... እጄ ላይ ቀረ።
ጉዴ ፈላ። ብናገር ማህተሜ ይሄዳል፣ እኔም ወደ ብርቱካኔ። እማማ በምን ዓይኗ ቤተክርስቲያን ትገባለች? ዝም ብልስ? የሃርላን እግር...

ማክሰኞ፣ የካቲት 10
ተናገርኩ! የጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። "ሃያ ጡብ ላይ ተፍቻለሁ።"
ትሩዲ፣ "ምን አደረግሽ?"
"ተፋሁ። ሙጫው ውስጥ። አይይዝም፣ ሞክሬዋለሁ።" ማህተሜን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።
ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አጎቴ ኦዴል ቆሟል። "እኔም" አለ። ከዚያ ሌላ ሰው። ሌላ። አሥራ ዘጠኝ ሰው! ማህተሙ እንደ ኦቾሎኒ ተከመረ። ትሩዲ ፊቷ ቀላ፣ ቀላ... ከኪሷ የራሷን አውጥታ ክምሩ ላይ ጣለችው።
"ሁለት ብቻ ነው" አለች። "ልደቴ ነበር፣ ቸኩዬ።"
ሆዳችንን ይዘን ሳቅን! እኔ እንባዬ እስኪፈስ።
የሁላችንም ጡብ ይነቀላል። ጉዞው ሦስት ሳምንት ተገፋ። የተባረረ የለም፤ ሁሉን አባረው ማን ይለጥፍ? ማህተማችን ግን እንደገና እስክንፈተን ተቆልፎበታል።

ሰኞ፣ መጋቢት 2
ፈተናውን አለፍኩ! 417 ተመለሰልኝ። የሃርላንን ጡብ ለጠፍኩ። አሥራ ስድስት ሰዓት፣ ያለ ጠብታ። አጠገቤ "ምራቅ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሙጫው አልያዘውም፣ ሁለቴ ወደቀ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14
ፔሊካን ሄደች! መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ የወንዙ ወፎች በሙሉ ተነሡ። እማማ ከወንበሯ ዘላ፣ "ልጄ ሠራቻት!" እያለች ጮኸች። ዛሬ አላረምኳትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22
ተመለሰች። አዲስ የገቡትን አሁን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ጠዋት አንዷ፣ "ዋናው ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ። "ምራቅሽን መዋጥ" አልኳት። ቀልድ መሰላት።

ከፔሊካን ሆድ ሥር ገብቼ የሃርላንን ጡብ ፈለግኩ። አለች! ዳሯ ጠቁሯል፣ ማህተሜ ተቃጥሎ ጠፍቷል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። እጄን አስደግፌባት ቆሜ ሳለ አንድ ሰው ተጎንብሶ ገባ። ሃርላን። ጆሮው በፀሐይ ቀልቷል።
"እግሬን እንኳ አልሞቀኝም" አለኝ።
ልመልስለት አፌን ከፈትኩ... ደርቋል። ጠብታ ምራቅ የለም።