አምስት መስታወትና አንድ ወንበር

ማክሰኞ፣ ሜይ 6። ጠዋት 4 ሰዓት

ሦስተኛው መስታወት ዛሬም ተበላሸ። በቃኝ!

ደብተሬ፣ አንተው ፍረድ። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከተማ ሙሉውን በፎቶ ያነሱ እንደነበሩት ሰዎች ካሜራውን ባለበት እያዞርኩ መንገዱን እንደ ፊልም በሚያገለግሉ አምስት መስታወቶች አነሳለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን እገጥማለሁ። ለያንዳንዱ አሥራ ሁለት ሰከንድ። ያልተነቃነቀ ይቀራል፣ የተነቃነቀ ይጠፋል። ይሄ ከባድ ነው?

ለጋሽ ሸምሱ ከባድ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት በርበሬና ሽሮ የሸጡበት ሱቅ ሰኞ ይፈርሳል። ሱቁ በሚወጣበት በሦስተኛው መስታወት፣ በሩ ላይ ሆነው መታየት ይፈልጋሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ኮት ለብሰው፣ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። የሌንሱን ክዳን አነሳሁ። አንድ፣ ሁለት... ሰው አለፈ። ብድግ! "ኖር!"

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ለመንኳቸው። እሺ አሉ። አንዲት ደንበኛ ልትሰናበታቸው ከሩቅ፣ ከፌደራል ዌይ ከተማ መጣች፤ ብድግ። ፖስተኛው መጣ፤ ብድግ። ፖስተኛው ፈረንጅ ነው እኮ! መስታወቱን አጥቤ ሳየው ባዶ ወንበር። ላብድ ነው።

ቅዳሜ

ዝናብ። ሥራ የለም። ቤልቪው ኢንጂነር የሆነችው ልጃቸው ነጂያ ደወለች። "ኦኬ፣ ሶ አባዬን በስልክ ላንሳውና አንቺ ፎቶሽ ላይ ፔስት አድርጊው።" ደሜ ፈላ። ግን የጨነቃት ሌላ ነው፤ አባቷ ሳይታዩ እንዳይቀሩ።

እሑድ። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል

የቀረኝ አንድ መስታወት። ነገ ሱቅ የለም። ነጂያን በአንዱ ጫፍ፣ ወንድሜን በሌላው አቁሜ መንገዱን ዘጋሁ። ዝንብ አያልፍም። ክዳኑን አነሳሁ። አራት... አምስት... ስድስት ላይ ብድግ አሉ!

ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ። ማን መጥቶ ነው ብዬ።

"አንቺ ቆመሽ፣ ልጄ፣ እስከ መቼ ልቀመጥ?"

አፈርኩ። አሁንም አፍሬያለሁ። ስድስት ሰከንድ ችለውልኝ ነበር።

ማክሰኞ

ሱቁ ትናንት ፈረሰ። አምስቱን ገጠምኩ። መንገዱ ሁሉ ጭር፤ መሀል ላይ ወንበር፣ ከወንበሩ ላይ ጭስ የመሰለ ሰው ሊነሳ ጎንበስ ብሎ። ፊቱ አይለይም። ነጂያ አየችው። ማን ነው አላለችም። አለቀሰች። ስለ ፔስት አንድ ቃል አልወጣትም።

ፎቶውን አልነካካውም። ነገ ቤታቸው እወስድላቸዋለሁ። ስገባ ብድግ ይላሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ይቀመጡ አልልም።