የጀልባ ቀለም

ጥር 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስወጣ በሩ ነጠላዬን አበላሸው። ዝገት። ለደሞዝ ስንት ጊዜ ነገርሁት! የሐይቁ እርጥበት ላሜራውን እየበላው ነው። ሲመለስ ነጠላዬን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። ሳቀ፣ ባሌ! "ጀልባ ስንቀባ የተረፈ ቀለም አለ፤ አስፈቅጄ አመጣልሻለሁ" አለ። ምን ዓይነት? ሰማያዊ። በሰፈሩ ሰማያዊ በር ያለው የለም… ደስ አለኝ።

እህቱ ጽጌ ከፔዳ፣ ከኮሌጇ፣ እንደገባች ራት አልበላም አለች። ከክፍሏ ሁለት ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። "ታመው ነው?" አልኋት። መጽሐፏን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥር 20

ደሞዝ ቀለሙን አስቀምጦልኝ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ ሄደ። ጀልባዋ እህል ልትጭን ነው፤ ሞተሩን የሚይዘው እሱ ነው። ሳምንት ያህል ይቆያል።

ከጽጌ ጋር ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ስንፈገፍግ ዋልን። ጎረቤታችን እማማ ወለተ ኪዳን በርጩማ ይዘው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ልጃቸው ዓምደ ሚካኤል ኅዳር ላይ ከቤት ተወሰደ። ወሬው የለም። ቀበሌ በሄዱ ቁጥር "እኛ ጋ የለም" ይሏቸዋል። ዛሬ ስለ እሱ አላነሡም። "ማጠፊያውን ዘላችሁታል፣ እዚያ ጋ" እያሉ ሲያዙን ዋሉ። ጽጌ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

የውጭውን ፊት ከላይ እስከ ወገቡ ቀባን። መሸብን። ብሩሹን ናፍጣ ውስጥ ነከርሁት። ቆርቆሮው ገና ከግማሽ በላይ ነው… የቀረውን ነገ።

ጥር 21

የቀበሌው ግድግዳ ላይ ተጽፎ አደረ። ትልልቅ ፊደል። "ልጆቻችን የት ናቸው?"

በሰማያዊ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እኔም ደፍቼ አለፍሁ። ፋብሪካ ደርሼ ምን እንደሠራሁ አላውቅም። አመመኝ ብዬ ተመለስሁ።

ቆርቆሮውን ከፈትሁ። ከታች ትንሽ ቀርታለች። ብሩሹ ከናፍጣው ወጥቶ መሬት ላይ ደርቋል።

በሩ ደግሞ… ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ዝገት፣ ከነነውሩ መንገዱን ያያል! ልፋቀው? ትናንት ያላየ ማን አለ? ቆርቆሮውን ሐይቅ ልጣለው? ይዤ ስሄድ ብታይስ?

ጽጌ ስትገባ ጎትቼ ወደ ጓዳ አስገባኋት።

"አንቺ ነሽ?"

"እትዬ፣ አትጠይቂኝ። ካልነገርሁሽ አታውቂም።"

እጇን ያዝሁ። ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ አለ። በዚህ እጅ ነው ስትማር የዋለችው? በናፍጣ አሸሁት፣ ቆዳዋ እስኪቀላ። እሷ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስሁት።

ከዚያ ወጥቼ በሩን መቀባት ጀመርሁ። ሌላ ምን ላድርግ? የቀረችውን ቀለም በናፍጣ አቅጥኜ አዳረስኋት። ሳሳች፣ ግን ደረሰች። እማማ ወለተ ኪዳን በአጥራቸው ላይ አዩኝ። ዛሬስ አላዘዙኝም።

ጥር 22

መጡ። አለበልና ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች። አለበል የአብዮት ጥበቃ ሳይሆን በፊት እዚሁ ሰፈር ብስክሌት ያከራይ ነበር። ያኔ እትዬ ነበር የሚለኝ።

"ጓድ ሸዋዬ፣ በርሽ አምሮበታል።"

"እግዜር ይስ… አመሰግናለሁ ጓድ።"

"ቀለሙ ከየት ተገኘ?"

"ባለቤቴ ከሥራ ቦታው አስፈቅዶ ነው።"

"የተረፈውን አምጪው።"

"አልተረፈም።"

ቆርቆሮውን ገልብጦ መታ መታ አደረገው። "ይህን ሁሉ አንድ በር ጠጣው?"

ቆርቆሮውን ከእጁ ልቀበል ስል ከአጥሩ በላይ ድምፅ ሰማሁ፤ እማማ ወለተ ኪዳን።

"ይጠጣል እንጂ! ዝገት አይደለ! ደራርባ ቀባችው፣ ውጭውንም ውስጡንም። ይበቃል ብላት እንቢ አለችኝ፤ ዓይኔ እያየ።"

ውስጡን! ውስጡን መቼ ነካሁት! በሩ ወደ ቤት ተከፍቶ ውስጠኛው ፊቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ትንሽ ሳብ ቢያደርገው ዝገቱን ያየዋል። አለበል እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። ቀለሙ አልደረቀም፤ መዳፉ ላይ ተጣበቀ። ተበሳጭቶ በአጥሩ ሣር ጠረገው።

"እንመለሳለን" አለ።

ከሄዱ በኋላ ቆርቆሮውን አንሥቼ ገባሁ። ለእማማ ወለተ ኪዳን ምስጋና እንኳ አላቀረብሁም። እሳቸውም አልጠበቁ፤ ገብተዋል።

ጥር 23

ውስጡን በምን ልቀባው? ጠብታ የለም። ቀለም ልግዛ ብል ራሴን ማስያዝ ነው።

ጽጌ ናት ያሰበችው። ዱቄት በጥብጣ ሙጫ ሠራች፤ የበሩን ውስጥ በጋዜጣ ለጠፍነው። መሃል ላይ የሊቀመንበሩን ፎቶ አደረገች። "ይህን ማን ይቀደዋል?" አለች። ልጅቷ ትፈራ ይሆን? እኔ ስለጥፍ ፎቶው ሁለት ጊዜ ተጣመመብኝ።

ጥር 25

ተመለሱ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የጽጌን መጻሕፍት በተኑ። እሷ ትምህርት ቤት ነበረች፤ እንኳንም። በመጨረሻ አለበል በሩን ሳበው። ጋዜጣውን አየ። የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሩ ያዘ…

ከፎቶው ጋር ተያየ። ለቀቀው።

"እህትየዋ ስንት ሰዓት ትገባለች?"

"አላውቅም። ፈተና አላቸው።"

ከእንግዲህ የሚፈልጉት ቀለም አይደለም። እሷን ነው።

ጥር 28

ደሞዝ ገባ። ሁሉንም ነገርሁት። አልጮኸም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀና መልሶ አጠለቀው። "እኔ ነኝ ቀለሙን ያመጣሁት" አለ። "እኔ ነኝ በሩን ቀባልኝ ያልሁ" አልሁት። ጽጌ "ሁለታችሁም አይደላችሁም" አለችና ያኔ አለቀሰች። በስተመጨረሻ።

ነገ ጀልባዋ ወደ ደልጊ ትመለሳለች። የደሞዝና የጽጌ አጎት፣ የእናታቸው ወንድም፣ እዚያ ቄስ ናቸው።

ጥር 29

ሄዱ። ጽጌ የኔን አሮጌ ቀሚስ ለብሳ፣ የሽንኩርት ቋጠሮ ተሸክማ፣ ከነጋዴ ሴቶች ጋር። ደሞዝ እንዳልሸኛት ከለከለኝ። ፋብሪካ ገባሁ። ጀልባዋ ስትነሣ ድምፅዋ እስከዚያ ይሰማል? አልሰማሁም። ሲፈትሹ አገኟት ይሆን? ደሞዝንስ?

የካቲት 5

ደሞዝ ብቻውን ገባ። በሩ ላይ እንደቆመ "ደርሳለች" አለኝ። ጉንጩን ሳምሁት።

ለጠየቀኝ ሁሉ "እናቷ ታማባት አገሯ ገባች" እላለሁ። አለበልም ጠየቀ። እሱ ያመነኝ አይመስለኝም።

የካቲት 9

ቀበሌ ጠሩኝ። አበቃልኝ ብዬ ለደሞዝ የቤቱን ቁልፍ ሰጠሁት። ለካ እስካሁን በሸራ ሸፍነውት የከረመውን ግድግዳ ኖራ እንድቀባ ነው። "በር መቀባት ትችይበታለሽ አይደል?" አለ አለበል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ኖራ በባልዲ፣ ብሩሽ፣ ከኋላዬ ጠመንጃ የያዘ ልጅ።

ኖራ በዘይት ቀለም ላይ አይዝም። ልንገራቸው ይሆን? አፌን ከፈትሁ… ዘጋሁት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሸፈንኋቸው። የጽጌን "ጆ" አውቃታለሁ፤ እግሯን ታስረዝማታለች። እሷን በመጨረሻ ሸፈንሁ።

ነጭ ሆነ። "ጎበዝ" አለኝ።

ሰኔ 15

ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ኖራው እንደ ወተት ቦዩን ሞልቶ ይወርዳል። ግድግዳው ላይ ፊደሎቹ ወጥተዋል። ሰማያዊ፣ ጥርት ብለው።

ሰው ያልፋል፣ አንገቱን ደፍቶ። እማማ ወለተ ኪዳን ግን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ፊት ለፊቱ ቆመዋል።

"ሸዋዬ ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁ። ምንድነው የሚለው?"

ለካ እስከ ዛሬ ማንም አልነገራቸውም! እኔም በአጥር እየተያየን አልነገርኋቸውም። ምን እንደተጻፈ ሳያውቁ ነው ያን ቀን ለእኔ የመሰከሩልኝ።

አለበል ከቀበሌው በረንዳ ላይ ቆሞ ያየናል። እንሂድ እማማ፣ ዝናብ ነው፣ ልላቸው ነበር። ዛሬ ማታ ይመጡ ይሆናል… ይህን ስጽፍም ጆሮዬ ውጭ ነው። ደሞዝ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ልብሱን አላወለቀም።

አነበብሁላቸው። ድምፄ በረንዳው ድረስ ይሰማ ነበር።

ጃንጥላውን አጠፉት። ዝናቡ ነጠላቸውን እስኪያበሰብሰው ግድግዳውን አዩ።

"ድገሚልኝ" አሉኝ።

ደገምሁላቸው።