ልጄ ራሱ እንዲደውል ለጠየቀው የኬብል ኩባንያ

ለተከበሩ ሚስተር ዋረን ስታክፖል
የሎረል ጋፕ ኬብል ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ፔንሲልቫኒያ

ይህ በከተማችን ጋዜጣ የማወጣው ግልጽ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ እመኛለሁ። በተለይ ልጆችዎ ደህና ይሁኑልዎ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምስጋና ግን ከየት እንደ መጣ እርስዎ ይፍረዱ።

አንደኛ፣ ስለ ቴሌቪዥኔ አመሰግናለሁ። ልጄ ጀሮም የገዛልኝ ቴሌቪዥን የቻናል መቀበያው አብሮት የተሠራ ስለ ነበር፣ የኬብሉን ገመድ ከግድግዳው አምጥተን ስንሰካው ያለ ሌላ ዕቃ ይሠራ ነበር። እርስዎ ግን ቻናሎቹን በሙሉ ቆልፈው፣ ከእናንተ ከተከራየነው ሪሲቨር በቀር የሚከፍታቸው እንዳይኖር አደረጉ። ማስታወቂያዎ «ለእርስዎ ምቾት ሲባል» ይላል። በዚህ ሸለቆ ተራራው አንቴና እንደማያሠራ ስለሚያውቁ፣ ምቾቱን እምቢ የምንልበት መንገድ አልነበረንም። ጀሮም ሪሲቨሩን በራሱ ስም ተከራይቶ ሲሰካው፣ «እማ፣ የገዛነው ዕቃ የተከራየነውን ማስፈቀድ ጀመረ እኮ» ብሎ ሳቀ።

ሁለተኛ፣ ስለ መቅጃዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው በጋ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቻችን ዓመታዊ የጎዳና ድግስ ሲያደርጉ የከተማችን ቻናል በቀጥታ አሳየው። ጀሮም ከእነሱ አንዱ ስለ ነበር እኔ ያስተማርኩትን የድንች ቂጣ ይጠብስ ነበር፤ እኔ እግሬን አሞኝ ቤት ቀርቻለሁ። ካሜራው ሲደርስበት መጥበሻውን አንሥቶ፣ «እማ፣ ሶፋው ላይ እንዳለሽ አውቃለሁ! ተነሺና ነዪ፤ ስታን ቂጣውን እያሳረረ ስምሽን እያጠፋልሽ ነው!» አለ። ጓደኛው ስታንም ከኋላው፣ «አትስሚው፣ ያሳረረው እሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔ የሪሞቱን መቅጃ ተጫንኩ። ድሮ ቢሆን በራሳችን መቅረጫ እናስቀረው ነበር፤ እርስዎ ከቆለፉት በኋላ ግን መቅዳት የሚችለው የእርስዎ ሪሲቨር ብቻ ነው። ቻናሉም የራሱን ቅጂ አጥፍቶታል።

በየካቲት ጀሮም በረዶ ላይ መኪናው ተንሸራትቶ ሞተ። ድምፁ ያለው እዚያ ሪሲቨር ውስጥ ብቻ ነው። ማታ ማታ እከፍተው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። እውነት መናገር ይገባል ብዬ፣ ደንበኝነቱ በእኔ ስም እንዲዞር ደውዬ መሞቱን ነገርኳችሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ፣ «በጣም አዝናለሁ፣ ማዳም፤ አሁኑኑ አስተካክላለሁ» አለችኝና ደንበኝነቱን ወዲያው ዘጋችው። ቅጂው «ፈቃድ የለዎትም» እያለ አልከፈት አለ። አለቃዋን ጠየቅሁ።

«የሚከፈተው ደንበኝነቱ ሲከፈት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደንበኛው ራሱ ይደውልልን» አለኝ።

«ልጄ መቃብር ውስጥ ነው።»

«ገብቶኛል፣ ማዳም። ግን ስሙ ያለበት ሰው መሆን አለበት።»

«መቼ ይደውልላችሁ?»

«በሚመቸው ሰዓት።»

ሚስተር ስታክፖል፣ ይህን ሰው ያሠለጠነውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ። እርስዎ ከሆኑ ደግሞ አልፈልግም።

አሁን ሪሲቨሩ የኩባንያው ንብረት ስለሆነ፣ ውስጡ ተደምስሶ ለሌላ ደንበኛ እንዲሰጥ መልሺ ተብያለሁ። ንብረትነቱን አልክድም። ፕላስቲኩ የእርስዎ ነው፣ ገመዱ የእርስዎ ነው፣ ያቺ አረንጓዴ መብራትም የእርስዎ ናት። ልጄን ግን ከእናንተ አልተከራየሁትም። ለአንድ ምሽት ብቻ ይክፈቱልኝ፤ ስታን ካሜራ ይዞ ይመጣና ከስክሪኑ ላይ ይቀርጸዋል፤ በማግስቱ አቧራውን ጠርጌ ቢሮዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ። እስከዚያ ድረስ ሊወስድ የሚመጣ ሰው በሬ ላይ የሚያገኘው እኔን ነው።

ለኩባንያዎ ብልጽግናን፣ ለእርስዎም አንድ ቀን የራስዎን የደንበኞች መስመር ደውለው መልስ የመጠበቅን ዕድል እየተመኘሁ፣ ለሥልጣንዎ በሚገባው አክብሮት ሁሉ፣

በርናዲን ሆላቫክ
የጀሮም እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚያ ስልክ በኋላ ኩባንያዎ አገልግሎታችሁን ለወዳጆቼ እመክር እንደሆነ በመጠይቅ ጠይቆኛል። ወዳጆቼ ይህን ጋዜጣ ያነባሉና ምክሬ ይኸውና፦ ልጅ ሲሞትባችሁ ለቄሱ ንገሩ፣ ለጎረቤት ንገሩ፣ ለመንግሥትም ንገሩ፤ ሎረል ጋፕ ኬብል ከጠየቃችሁ ግን «ደህና ነው፣ ሥራ ሄዷል» በሉ።