የአባትህ ቀፎ ገርጂ ገባ

ልጄ እዝራ፣ ጌታ በሰው አገር ጥላ ይሁንህ። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እንቢ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

አጎትህ ገመዳ ከኢሉባቦር በሬዎች ጭኖ መጥቷል። አንተ ከዱባይ «የኛ ሥጋ እዚህ ይፈለጋል» ካልከው ወዲህ ጫካውን ለግጦሽ መንጥሮ ጨረሰው፤ ምንጩም ነጠፈ። የቀረው ሟቹ አባትህ ቀፎ የሰቀለበት ዛፍ ብቻ ነው። ቀፎ ያለበት ዛፍ በአገራችን እንደማይነካ ታውቃለህ። ገመዳ ግን ቀፎውን አውርዶ «ማስታወሻ ይሁንሽ» ብሎ ገርጂ ድረስ አመጣልኝ! እግሩ ላይ ወድቄ ብለምነው አልሰማኝም። ቅዳሜ ዛፉን ሊቆርጥ ይመለሳል።

አንተን ይሰማሃልና በሞቴ፣ ዛሬውኑ ደውልለት። ጌታ አንደበትህን ይባርክ። ቀፎው ውስጥ የቀሩት ንቦች እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ የመስኮቱን መስታወት እየመቱ ነው፤ የሚያርፉበት ዛፍ የለኝም።

እናትህ ወርቄ