ቆመን የወሰድነው እሺታ

መጋቢት 5፣ 6፡00

ማዘጋጃ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ። ወረቀቴ አልጠፋም፤ ይኸም አንድ ነገር ነው። ኢንጂነሯ ቢሮዋ አለች። ወጣት ናት። ቢቸና ከተመደበች ዓመት አልሞላትም። ሳቅ አታበዛም። ፕላኑን ዘርግታ አንዲት ክብ ላይ በእስክሪብቶዋ መታ መታ አደረገች። ክቧ ደጃችን ያለው የዋንዛ ዛፍ ናት። የመኪና መግቢያ ከመንገድ ዛፍ ሁለት ሜትር መራቅ አለበት። የእኔ አንድ ሜትር ከአርባ ነው። ወደ ግራ ልግፋው ብል የመብራት ምሰሶ አለ።

አስረዳኋት። ባለቤቴ የሺ በስኳር ምክንያት ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል። ከሆስፒታል ወጥታ ሞጣ እህቷ ቤት ናት። ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃ ይወረዳል። በክራንች አይሞከርም። አፋፉን ቆርጬ ባጃጅ በር ድረስ ማስገባት አለብኝ።

ሰማችኝ። ዛፉን የተከለው ሰው ከተስማማና ሥሩን ላለመጉዳት ከፈረምኩ ልትፈቅድ ትችላለች።

የተከሉት ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ናቸው።

መጋቢት 7፣ 11፡30

እትዬ ብርቄ ዋንዛውን ሲተክሉ ቦታው የግቢያቸው ጫፍ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ አጥራቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ዛፉ ውጭ ቀረ። እሳቸው ግን ውኃ ማጠጣቱን አልተዉም። ጥላው ሥር ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይሸጣሉ። ሃያ ዓመት ተጎራብተናል።

ዛሬ ሁለቴ በፊታቸው አለፍኩ። ደኅና ዋልክ ልጄ፣ ደኅና ዋሉ። የሺን ጠየቁኝ። ደኅና ናት አልኩ። ነገሩን አላነሣሁም።

እምቢ ቢሉስ? አንተን ልዋሽህ አልችልም፣ ደብተሬ። ፈራሁ። ሽማግሌ ልይዝ ነው።

መጋቢት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ። መሪጌታና የእድራችን ዳኛ አያ ደምሴ፣ ከኋላ እኔ። በራቸው ላይ ቆምን። እትዬ ብርቄ ደንግጠው ወጡ። መርዶ ይዘን የመጣን መስሏቸዋል።

«ግቡ እንጂ። አረፍ በሉ።»

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

«ኧረ በሞቴ! ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«አይፍሩ፣ ለጋብቻ አልመጣንም» አሉ አያ ደምሴ።

«ለእኔ ከሆነማ ዘገያችሁ!»

ተሳሳቅን። ግን አልተቀመጥንም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰባ ያለፋቸው ሴት መሪጌታን ደጃቸው ላይ አቁመው ሊከራከሩ አይችሉም፤ ይኸንን ሦስታችንም እናውቃለን። እሺ አሉ። ተቀመጥን። ምን እንደሆነ የነገርናቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ እኔ ዞሩና «እኔ እኮ…» ብለው ጀመሩ። አያ ደምሴ ምርቃቱን ጀምረዋል። ምርቃት አይቋረጥም። እትዬ ብርቄ የጀመሩትን ትተው አሜን አሉ። የስምምነቱ ወረቀት ላይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ይኸም ይጻፍ።

መጋቢት 18

ፈቃድ ወጣ። ማኅተም አለው። ከታች በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ከእጅ አንጓ የወፈረ ሥር ከተገኘ ሥራው ቆሞ ለቢሮው ይነገር። ፈረምኩ። ለየሺ ሞጣ ደወልኩላት። ቅዳሜ ሳምንት ትመጣለች።

መጋቢት 25፣ 9፡00

ቁፋሮ። አፋፉ ግማሽ ላይ ሥር ተገኘ። አንጓ አይደለም፤ የእኔን ጭን ያክላል። መስመሩን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ቆፋሪው ዶማውን አስቀምጦ አየኝ። ለኢንጂነሯ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ቢሮዋ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። ከቀትር በኋላ ክፍል አለኝ አልኩ ለራሴ። የለኝም ነበር።

ቁረጠው አልኩት።

«መምህር፣ ዋናው ይመስለኛል።»

ቁረጠው።

እትዬ ብርቄ ገበያ ሄደዋል። ሳይመለሱ የተቆረጠውን ጫፍ አፈር አለበስነው።

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

የሺ መጣች። ባጃጁ ቁልቁል ገባ፣ በሩ ላይ ቆመ። ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ አልጋዋ። ለዚህ ነበር ሁሉም። ሥራዬ ሠራ።

እትዬ ብርቄ መጥተው ሳሟት። አለቀሱ። እኔንም ደኅና ዋልክ አሉኝ። «ልጄ» የለበትም። ምናልባት ረስተውት ነው።

ሚያዝያ 1

አልረሱትም።

ሚያዝያ 3፣ ከምሽቱ 4፡00

ትናንት ከሰዓት ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። ዛሬ ዋንዛው ወደ መንገዱ ያዘነበለ መሰለኝ። ዓይኔ ነው ብዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ኢንጂነሯ አፋፉ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ሰው ጠርቷታል። አፈሩን በእጇ ገፍፋለች። የተቆረጠው ጫፍ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ማን እንደቆረጠው ጠየቀችኝ። እኔ አልኩ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ሁለት መንገድ አለ አለች። አንዱ፣ ክረምቱ ሳይገባ ዛፉን መቁረጥ። ሁለተኛው፣ መግቢያውን በአፈር መልሶ መድፈን፣ ቅርንጫፎቹን ግማሽ ማድረግ፣ ግንዱን በባላ መደገፍ። ባጃጅ ዳግም አያልፍበትም። ዛፉ ይድናል ብላ ግን ቃል አልገባችም። ሰኞ መልስ ትፈልጋለች።

እትዬ ብርቄ ከሽንኩርታቸው ኋላ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። ወደ እኔ አላዩም።

ሚያዝያ 4፣ ከምሳ በኋላ

ለየሺ ሁሉንም ነገርኳት። ሽማግሌ ይዤ መሄዴን አታውቅም ነበር። እትዬ ብርቄ ጋ ሽማግሌ? አለች። ጨው ስንዋዋስ የኖርን ሰዎች። አስጠራቻቸውና መጡ። እኔ ጓሮ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ።

ከሄዱ በኋላ የሺ የነገረችኝ ይኸ ነው። መንገዱ ቁልቁል ስለሚወርድ የእሳቸው በር ከመንገዱ እኩል ነው። ደረጃ የለውም፣ ጋሪ ያስገባል። ከእኛ ግቢ የሚለየው የጭራሮ አጥር ነው። እሱን ከፍተን ባጃጁ በእሳቸው በር ገብቶ እኛ ደጃፍ እንዲደርስ ያን እሑድ ሊነግሩኝ ነበር። «እኔ እኮ» ያሉት ለዚህ ነው። በኋላስ ለምን አልነገሩኝም? ሽማግሌ ይዞ የመጣ ሰው የእኔን ምክር አይፈልግም ብለው ተዉት።

በሰው ግቢ መተላለፍ በሐሳቤም አልመጣም ነበር። አጥሩን በየቀኑ አያለሁ።

ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ፣ 10፡00

የሺ፣ በበራቸው ለማለፍ አንተ ነህ የምትጠይቃቸው አለች። እሷ ብትጠይቅ እሺ እንደሚሉ ታውቃለች። አልጠይቅልህም አለችኝ።

ትናንት ለኢንጂነሯ መልሱን ጻፍኩ። መግቢያው ይደፈን፣ ዛፉ ይደገፍ፣ የጉልበት ሥራውን እኔ አሠራለሁ። እትዬ ብርቄን ከመጠየቄ በፊት ቢሮዋ ወስጄ ሰጠኋት። ቀድሜ ጠይቄ እምቢ ቢሉኝ ሐሳቤን እቀይር ነበር፤ ራሴን ከዚህ ወር ወዲህ በደንብ አውቀዋለሁ።

ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ። መጀመሪያ ስለ ሥሩ፣ አፈር ስለማልበሴ። ስለ በሩ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እምቢ የማለት መብት አላቸው። እምቢ ካሉ የሺ አሥራ አንዱን ደረጃ እንዴት እንደምትወርድ አላውቅም። እሺ ካሉ ደግሞ በየቀኑ በግቢያቸው ሳልፍ ምን ብዬ ፊታቸውን እንደማይ እሱንም አላውቅም።